የባለቤቴ ገጽ ላይ እኔ የለሁም

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር የተዋወቅነው ኮሌጅ ነው። አንድ ክፍል ተምረን በአንድ ቀን ተመረቅን። ውጤቴ ከእሱ ይበልጥ ነበር። ሁለተኛ ልጃችን በጠና ሲታመም ሥራዬን ለቅቄ ቤት ቀረሁ። ልጄ ዛሬ ደህና ነው። ባለቤቴ በእነዚያ ዓመታት ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ፣ ኃላፊም ሆነ። አሁን ከተመረቅን 30 ዓመት ሊሞላን ነው። የባቻችን ልጆች መጽሔት እያዘጋጁ ነው። እያንዳንዳችን ስለ ሥራችን፣ ስለ ቤተሰባችንና ስለ ኑሯችን አንድ አንድ ገጽ እንድንጽፍ ተጠይቀናል። የባለቤቴን አነበብኩት። ገጹ በሙሉ ሥራው ነው። መጨረሻ ላይ ‹ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነኝ› ይላል። በቃ። ቅር እንዳለኝ ስነግረው ‹ለዚች ምን ታካብጂያለሽ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እኔስ ምን ብዬ ልጻፍ? ዝግጅቱ ላይ መገኘትም አስጠልቶኛል።»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አላካበዱም። ይህን አስቀድሜ ልንገርዎት። በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ሕመም አለ። አንዱ ከክፍል ጓደኞችዎ ጋር ያለው ነው፤ ሌላው ከባለቤትዎ ጋር። ተደባልቀው ስለመጡ ነው የከበዱት።

የመጀመሪያው ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1954 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ሰው ራሱን የሚመዝነው ከሚመስሉት ሰዎች ጋር ነው። የማናውቀው ሰው ሹመት እንቅልፍ አይነሳንም። አጠገባችን ተቀምጦ የተፈተነ ሰው ሹመት ግን ይነሳናል። እነዚያ ገጾች ደግሞ ተመርጠው የተጻፉ ናቸው። ከሥራ የተባረረ፣ የተፋታ፣ ከልጁ ጋር የተኳረፈ ሰው ይህን መጽሔት ላይ አያሰፍርም። ስለዚህ ገጾቹን ሲያነቡ ያልተጻፈውንም ያስቡ። ስለዚህኛው ብዙ አልልም፤ ከባድ የሆነብዎት እሱ አይመስለኝም።

ከባዱ የባለቤትዎ ገጽ ነው። ስለ ሌሎቹ ሰዎች ቢሆን ኖሮ ያልፉት ነበር። እሱ ግን አብሮዎት ኖሯል። ልጁ የታመመው የሁለታችሁ ነው። ሁሉንም ያየው ሰው ሳይጽፈው ሲቀር ሆድ ይብሳል።

ለምን ሳይጽፈው ቀረ? ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ባልና ሚስትን ስለ ቤት ውስጥ ኃላፊነቶች ጠይቀው ነበር። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ድርሻ ገመቱ። የሁለቱ ግምት ሲደመር በአብዛኞቹ ጥንዶች ዘንድ ከሙሉው በለጠ። ሰዎቹ ዋሽተው አይደለም። ሰው የራሱን ድካም በቀላሉ ያስታውሳል፤ የሌላውን ግን አብዛኛውን አላየውም። ባለቤትዎ ያመሸበትን ቢሮ ያስታውሳል። እርስዎ ልጁን ታቅፈው ያነጉትን ሌሊት ግን ተኝቶበታል። ይህን የምነግርዎት ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም። «ለዚች» ማለቱ ስህተት ነው። ግን አለማየትና መናቅ ይለያያሉ፤ የትኛው እንደሆነ ደግሞ ሳይነጋገሩ አይታወቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ብያለሁ። «ሥራዬን ለቅቄ ቤት ቀረሁ» ብለዋል። ማን እንደወሰነው አልጻፉም። ተመካክራችሁ ነው? ወይስ እናት ስለሆኑ ያለ ንግግር እርስዎ ላይ ወደቀ? ብዙ ትዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ትልቅ ውሳኔ አፍ አውጥቶ የተናገረው ሰው ሳይኖር ይወሰናል። ይህ ንግግር ለዓመታት ሳይነሳ ቆይቶ ከሆነ፣ መጽሔቱ ምክንያት ሆነው እንጂ ጉዳዩ የቆየ ነው።

ስለዚህ ገጹን እንዲያርምልዎ በመጠየቅ አይጀምሩ። ተገዶ የጨመረው ምስጋና አያረካዎትም። ሁለታችሁም ያልደከማችሁበትን ሰዓት ይምረጡና እንዲህ ይበሉት፦ «ገጽህን ሳነብ ሕይወትህ ውስጥ የሌለሁ መሰለኝ፤ አዘንኩ። ልጃችን የታመመበትን ጊዜ አንድ ቀን ቁጭ ብለን አብረን እናስታውስ። አንተ ምን ትዝ ይልሃል?» አነጋገሩ ላይ የምጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሲቢል ካሬርና ጆን ጎትማን በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ አዲስ ተጋቢዎች ባልተስማሙበት ጉዳይ ሲነጋገሩ የመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች ትዳሩ ወዴት እንደሚሄድ ይጠቁሙ ነበር። «አንተ መቼም ለራስህ ብቻ ነህ» ብለው ከጀመሩ መልሱ መከላከል ነው። ሲመልስልዎ ደግሞ እስከ መጨረሻው ይስሙት። ቤተሰቡ በአንድ ደመወዝ ሲኖር እሱም ያልነገረዎት ፍርሃት ይኖረው ይሆናል።

አሁን ወደ እርስዎ ገጽ። ለመጽሔቱ ከመጻፍዎ በፊት ለራስዎ ይጻፉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔኔቤከር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስለመደው ዘዴ አለ፦ በተከታታይ ለ3 ወይም ለ4 ቀናት፣ በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ስለ ከበደን ነገር ሳያርሙና ለማንም ሳያሳዩ መጻፍ። እዚያ ላይ ቁጭትዎን አይደብቁ። «ልጆቼ ይበቁኛል» ብለው አይሸፍኑት። ተመራማሪዎቹ ቶማስ ጊሎቪችና ቪክቶሪያ ሜድቬክ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ሰዎች ዘለግ ያለ ዕድሜያቸውን መለስ ብለው ሲያዩ ይበልጥ የሚቆጫቸው ያላደረጉት ነገር ነው። ሙያዎ ቢናፍቅዎት ልጅዎን አልወደዱትም ማለት አይደለም። ሁለቱም አንድ ሰው ውስጥ ይኖራሉ።

ከዚያ ለመጽሔቱ የሚሆነው ራሱ ይመጣል። ማስዋብ አያስፈልገውም። «ልጄ ሲታመም ሥራ ለቀቅኩ። ዛሬ ደህና ነው። ሙያዬ ይናፍቀኛል፤ ያሳለፍኩት ግን ሥራ ነበር» ቢሉ እውነት ነው። ይህን አንብቦ «እኔም እንዲሁ ነበርኩ» ብሎ የሚደውልልዎ የክፍል ጓደኛ ቢመጣ አይገርመኝም። ሕመሙ የልጅዎም ጉዳይ ስለሆነ ግን ከመታተሙ በፊት ልጅዎን ይጠይቁት።

ወደ ዝግጅቱ መሄድ ግዴታ የለብዎትም። ውሳኔውን ግን ከባለቤትዎ ጋር እስኪነጋገሩ ያቆዩት። በኩርፊያ የቀሩበት ዝግጅት ሌላ የማይነሳ ጉዳይ ይሆናል።

እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ የምግብ ፍላጎትዎ ከጠፋ ወይም ምንም ነገር ደስ የማይልዎት ከሆነ፣ ባለሙያ በአካል ያግኙ። ባለቤትዎ ደግሞ በእርጋታ ነግረውትም «አካበድሽ» ካለ፣ የትዳር አማካሪ ዘንድ አብራችሁ ሂዱ። አልሄድም ካለ ብቻዎን ይጀምሩ።