የመሪጌታው መቋሚያ ሙዚየም ሲገባ

ለጎንደር ወጣቶች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን ልጆቼ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በቅርስ ምዝገባ ሥራ ነው። ሰሞኑን ከእናንተ አንዳንዶቹ ቤት ድረስ መጥታችሁ፣ «በከተማችን የዜማና የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚታዩበት ቦታ ብንከፍት ምን እንሰብስብ?» ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። በጣም ደስ ብሎኛል። መልሴ ግን አንድ ነው። ዕቃውን ከመሰብሰባችሁ በፊት ዕቃውን የያዘውን ሰው ጠይቁ።

ለምን እንደምል በአንድ ዱላ ላስረዳችሁ። አውሮፓ ውስጥ የታላላቅ ኦርኬስትራ መሪዎች ዘንግ በሙዚየም ይቀመጣል። ዛሬ የምናውቀው ዘንግ ቀጭንና አጭር ነው። ጥንት ግን ወለል የሚመታበት ረጅም ዘንግ ነበር። በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት የሙዚቃ አለቃ የነበረው ዣን ባቲስት ሉሊ እ.ኤ.አ. በ1687 ንጉሡ ከሕመሙ ስላገገመ የምስጋና ዝማሬ ይመራ ነበር። ምት ለመስጠት ወለሉን ሲመታ ዘንጉ እግሩ ላይ አረፈ። ቁስሉ አመረቀዘ። እግሩ እንዲቆረጥ እሺ አላለም፤ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ሞተ። ያን ጊዜ እዚህ ጎንደር ላይ የነገሡት አድያም ሰገድ ኢያሱ ነበሩ።

ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ቅዱስ ያሬድ ነው። ታሪኩን ከልጅነታችሁ ታውቁታላችሁ። አፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጠው ጦራቸውን የያሬድ እግር ላይ ተከሉት፤ እሱም ማሕሌቱን እስኪጨርስ አልተሰማውም ይባላል። ሁለቱም ታሪኮች ዛሬ የምናውቃቸው ሰው ስለተናገራቸውና ስለጻፋቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 የሙዚቃ ደራሲዎቹና የኦርኬስትራ መሪዎቹ ሜንደልሶንና በርሊዮዝ በጀርመን ላይፕዚግ ከተማ ላይ ዘንጋቸውን ተለዋውጠዋል። ያ ባይጻፍ ኖሮ ሁለቱም ዘንጎች ተራ እንጨት ሆነው ይቀሩ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ዘንግ፣ ሊቃውንቱ በማሕሌት ወደሚይዙት መቋሚያ እንምጣ። አንድ መቋሚያ መስታወት ውስጥ አስቀምጣችሁ «መቋሚያ፣ ከእንጨት የተሠራ» ብትሉ እንግዳው ሽማግሌ የሚደገፍበት ምርኩዝ ይመስለዋል። የያዘው ሊቅ ግን ሌላ ነገር ያውቃል። ማሕሌቱ ሲጀመር፣ ቁም ዜማ ላይ፣ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከበሮም ጸናጽልም የለም። ዝማሜ ሲደርስ መቋሚያው ይወዛወዛል። መረግድ ላይ ከበሮው ይገባል። ጽፋት ላይ ደግሞ ጭብጨባው ይጨመርና ዜማው ይፈጥናል። መቼ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚታለፍ የሚጠብቀው መሪጌታው ነው። ግራና ቀኝ የቆሙት ሁሉ ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። ኦርኬስትራ የሚመራ ሰው ከዚህ የተለየ ምን ይሠራል?

ጎንደር ደግሞ የአቋቋም፣ ማለትም ማሕሌቱን በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የማቅረብ ትምህርት፣ አገር ናት። የበአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ማስመስከሪያ፣ ተማሪው ለመምህርነት የሚመሰከርለት ቦታ፣ መሆኗን ሊቃውንቱ ያውቃሉ። በቀልዳቸው ብቻ የምታስታውሷቸው አለቃ ገብረ ሐና የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም መነሻው ከሳቸው ነው። ሰው ቀልዳቸውን ይዞ ሊቅነታቸውን መርሳቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ስለዚህ መቋሚያ ስታገኙ የማን እንደነበር ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። አቋቋማቸው የተክሌ ነው ወይስ የጎንደር? ስልቱስ የታች ቤት ነው ወይስ የላይ ቤት? ከማን ተማሩ? እንዴት ነው የሚያዘው? ሊቁ ፈቃደኛ ከሆኑ ይዘውት ሲያሳዩ በቪዲዮ ቅረጹ። ያ ቪዲዮ ከዱላው ይበልጣል።

በገናን ስታዩ ደግሞ ትንንሾቹን ነገሮች ተመልከቱ። አውታሮቹ 10 ናቸው፤ ከበግ አንጀት ይሠራሉ። ከእያንዳንዱ አውታር ሥር ትንሽ የቆዳ ቁራጭ አለች፤ እንዚራ ትባላለች። የበገናን ድምፅ ያን ዝዝ የሚል ጥልቀት የምትሰጠው እሷ ናት። ዕቃ ሲጓጓዝ መጀመሪያ የሚወድቀው እንዚራው ነው። የማያውቅ ሰው ቆሻሻ መስሎት ይጠርገዋል። ከዚያ በኋላ በገናው በዓይን ሙሉ ነው፤ ድምፁ ግን የለም። ደግሞም 10ሩም አውታር አይደረደርም። አንዳንዱ ጣት ለማሳረፊያ ነው። የትኛው እንደሚደረደር፣ በየትኛው ቅኝት እንደሚቃኝ የሚነግራችሁ ሰውየው ብቻ ነው። እንጨቱን እያገላበጣችሁ አታገኙትም። እባካችሁ ያረጀ በገና ስታገኙ ቫርኒሽ አትቀቡት፤ አዲስ አውታርም አትግጠሙለት። እንዳለ ፎቶ አንሱት።

የቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ ድጓም እንደዚሁ ነው። የዜማ ምልክቶቹን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የሠሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። ብራናውን ፎቶ ስታነሱ ኅዳጉን አትቁረጡ። መምህሩ ከዳር የጻፋት ትንሽ ማረሚያ፣ ተማሪው በጣቱ ያጠቆረው ጥግ፣ እነዚህ ናቸው አስተማሪዎቹ። የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ መሪዎቹ የነበሩት ማህለርና በርንስታይን በኖታቸው ላይ በእርሳስ የጫሩትን ኢንተርኔት ላይ ለሕዝብ ከፍቷል። ወጣት ሙዚቀኞች ያንን የእርሳስ ጭረት እያዩ ይማራሉ። የእኛ መምህራን ጭረት ከዚያ በምን ያንሳል?

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር መጥቶ ነበር። መሣሪያዎቻችንን 6 ብሎ ቆጥሮ ለእንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ለቻርልስ በርኒ በደብዳቤ ገልጾለታል። ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ ከበሮ፣ ጸናጽል፣ ክራር። የባዕድ ሰው በመሆኑ ያመለጠው ብዙ ነው። ማሲንቆ እንኳ ከቁጥሩ ውስጥ የለም! እናንተ ግን ቋንቋው አላችሁ፣ ስልኩም በኪሳችሁ ነው። በተለይ አዝማሪዎችን ዝቅ አድርጋችሁ አትዩ። ማሲንቋቸው እስኪሰበር የሚሠራበት ስለሆነ ሙዚየም የሚደርሰው ጥቂት ነው። ቶሎ ጠይቋቸው።

ስለተዘረፈው ቅርስ ስታወሩ ደማችሁ እንደሚፈላ አያለሁ። የኔም ይፈላል። የጎንደር ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ዘውድና ጽዋ እ.ኤ.አ. በ1868 በእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ተወስደው ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው ያሉት። እንዲመለሱ መጠየቃችሁን አታቁሙ። ግን ዛሬም ጸናጽል በጨለማ የሚገዛ ደላላ አለ። ያልተመዘገበ ዕቃ ሲጠፋ የኛ ነው ብሎ መከራከር ከባድ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አንብቡት፤ ረጅም አይደለም። ለማሳያችሁም ቢሆን ከመንገድ ላይ ሻጭ አትግዙ። ገዢ ካለ ሌባው አይጠፋም።

ሥራውን በጥምቀት ግርግር አትጀምሩት። በዚያን ቀን ሊቃውንቱ ለእናንተ ጊዜ የላቸውም። በአዘቦት ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ካሜራውን ሳታወጡ ሂዱና መሪጌታውን አስፈቅዱ። እንቢ ካሉ አመስግናችሁ ተመለሱ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ሂዱ። ከፈቀዱ ስማቸውን፣ የመምህራቸውን ስም፣ የመምህራቸውን መምህር ስም በቅድሚያ መዝግቡ። ቀረጻውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። አንድ ቅጂ ደግሞ ለሳቸው ወይም ለደብሩ ሳትሰጡ ኢንተርኔት ላይ አትልቀቁት።