መሬቱ እርጥብ ሆኖ ቲማቲሙ ለምን ጠወለገ?

ጥያቄ፦ የቲማቲም ችግኝ ወደ ማሳ ካዛወርኩ 12 ቀን ሆነኝ። ከትናንት ወዲያ በየግንዱ ሥር ዩሪያ አድርጌ ውሃ ለቀቅሁበት። መሬቱ ዛሬም እርጥብ ነው፤ ችግኙ ግን ጠውልጓል፣ የቅጠሉም ጠርዝ ተቃጥሏል። መድኃኒት ልርጭ?

መልስ፦ አይርጩ፣ ገንዘብዎን ይያዙ። እንደነገሩኝ ከሆነ በሽታ አይመስለኝም፤ ያቃጠለው ዩሪያው ነው።

ለሰላጣ የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ሲነሰንሱ አይተዋል? ትንሽ ቆይቶ ሳህኑ ውሃ ያቁራል። ማንም አላፈሰሰበትም፤ ጨው ነው ከቲማቲሙ ስቦ ያወጣው። ማሳዎ ላይም የሆነው ይኸው ነው።

የሥሩ ሕዋስ ስስ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ውሃን በቀላሉ ያሳልፋል፣ የሟሟ ማዕድንን ግን እንደ ልብ አያሳልፍም። ውሃ ደግሞ የሚሄደው የሟሟ ነገር ወደበዛበት ወገን ነው። በደህናው ጊዜ የሚበዛው ሕዋሱ ውስጥ ስለሆነ ውሃው ከአፈር ወደ ሥር ይገባል። ትምህርት ቤት ኦስሞሲስ የሚሉት ይህንን ነው። ዩሪያው አንድ ቦታ ሲከማች ነገሩ ተገለበጠ፤ ተክሉ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ተጠማ። በዚያ ላይ ዩሪያ አፈር ውስጥ ሲፈርስ አሞኒያ ያወጣል፤ እሱም ለጋ ሥርን ይጎዳል።

ዩሪያ ያልነካው መስመር ካለ ይዩት። ደህና ከሆነ ጥርጣሬው አለቀ። እሱም ከጠወለገ አንድ ግንድ ቆርጠው ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ያንጠልጥሉ። ወተት የመሰለ ክር ከወጣው የባክቴሪያ በሽታ ነው፤ ያኔ የታመመውን ነቅሎ ከማሳ ማስወጣት ነው።

አሁን የዩሪያው ፍሬ ገና የሚታይ ከሆነ ለቅመው ያንሱ። ከዚያ የቀረው ተበርዞ ወደ ታች እንዲወርድ ጠገብ አድርገው ያጠጡ። ግን ውሃው እንዳይተኛበት! ውሃ በራሱ ይገባል፤ ዩሪያው የሚሰጠውን ናይትሮጅን ስቦ ለማስገባት ግን ሥሩ ጉልበት ያወጣል፣ ለዚያም አየር ይፈልጋል። ዋልካ መሬት ላይ ውሃ ሲተኛ ሰብሉ ማዳበሪያ እያለው ቢጫ የሚሆነው አንዱም በዚህ ነው። ያኔ ሌላ ዩሪያ የሚደርብ ስንት ሰው አይቻለሁ።

ለሚቀጥለው ዩሪያውን ከፋፍለው፣ ከግንዱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አርቀው ያድርጉና አፈር ያልብሱት። ከመሃል አዲስ ቅጠል ማውጣት የጀመረውን አይንኩት፣ ይተርፋል። ግንዱ የደረቀውን ይተኩ፤ አዲሱን ችግኝ ግን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አይትከሉት፣ ትንሽ ፈቀቅ ያድርጉት።