አዋላጆች ከሥልጠና ተመልሰው በማዋለጃ ክፍሉ ለውጥ ስለማይታይበት ምክንያት

እህታችን ያቀረቡት ጥያቄ የሚከተለው ነው። በሚሠሩበት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ያሉ አዋላጅ ነርሶች፣ ሲወለዱ መተንፈስ ያቃታቸውን ጨቅላዎች የመርዳት ሥልጠና ወስደው የማጠቃለያ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ቢያልፉም፣ ከጥቂት ወራት በኋላ በማዋለጃ ክፍሉ የተለወጠ ነገር አልታየም፤ ስለዚህ ሥልጠናው ይደገም ወይስ ሌላ አሠልጣኝ ይፈለግ? በሆስፒታል የጥራት ክፍልና በሥልጠና አስተባባሪነት ለዓመታት ስሠራ ካየሁት ተነሥቼ ስመልስ፣ ከሁለቱም በፊት ማዋለጃ ክፍሉ ራሱ ይፈተሽ እላለሁ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በሰሜን ታንዛኒያ በሚገኘው የሃይዶም ሆስፒታል ለዚሁ ሙያ የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጥቶ ውጤቱ ሲጠና፣ ሠራተኞቹ በማኔኪን (ለልምምድ በሚያገለግል የሕፃን አምሳያ) ላይ የሚያሳዩት ችሎታ በግልጽ ቢሻሻልም በእውነተኛ ወሊድ ላይ ያለው አሠራራቸው እንዳልተለወጠ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሞ ወጥቷል። ሆስፒታሉ ታዲያ ሰዎቹን እንደገና አዳራሽ አላስገባም፤ ልምምዱን ወደ ማዋለጃ ክፍሉ አምጥቶ በየሳምንቱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ የሚወስድ የሥራቸው አካል አደረገው። ከዚያ በኋላ በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት ጨቅላዎች ከ1,000 ውስጥ ከ11 ገደማ ወደ 7 ገደማ ዝቅ አሉ።

አሁን ወደ ክፍልዎ እንመለስ። ሕፃኑ ተጠራርጎ ደርቆና ተነቃቅቶ አሁንም ካልተነፈሰ፣ አዋላጇ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚገፋ ከረጢት) እና በማስክ አየር መስጠት እንዳለባት ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ፈተናውንም ያለፈችው ይህንኑ መልሳ ነው። ነገር ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አምቡ ባጉ የት ነው ያለው? ባየኋቸው ብዙ ክፍሎች ውስጥ ተቆልፎበት የሚያድረው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉም ቤቷ በተኛችው የክፍል ኃላፊ ቦርሳ ውስጥ ነው። እሷንም ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ዕቃው በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) በስሟ ወጪ የሆነ ንብረት ስለሆነ ቢጠፋ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ስለዚህ ንብረቱ በየፈረቃው ርክክብ በፊርማ የሚተላለፍበትን መንገድ ከንብረት ክፍሉ ጋር ተስማምቶ ማበጀት፣ ለሙሉ ጊዜ ሕፃን የሚሆነውን ቁጥር 1 እና ለቀኑ ላልደረሰ ሕፃን የሚሆነውን ቁጥር 0 ማስክ ከማዋለጃው አልጋ ጎን ማኖር፣ ከማንኛውም ተጨማሪ ሥልጠና የበለጠ ውጤት ሲያመጣ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ማን እንደሚላክና ሲመለስ የት እንደሚመደብ ነው። ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ «ባለፈው እገሌ ሄዷል፣ አሁን ተራው የእገሊት ነው» በሚል የሚወሰነው ከአበሉ የተነሣ ነው፤ ከደመወዙ አንጻር ሠራተኛውን አልፈርድበትም። የሚያሳዝነው፣ ሠልጥና የመጣችው አዋላጅ በመደበኛው ዝውውር ወደ ቤተሰብ ምጣኔ ወይም ወደ ቅድመ ወሊድ ክትትል መሄዷ ነው። ሜትረኗ (የነርሶችና የአዋላጆች ኃላፊዋ) ሠልጣኟን ከመላኳ በፊት «ከተመለሰች በኋላ ቢያንስ ለስድስት ወር ማዋለጃ ክፍል ትቆያለች» ብላ በጽሑፍ ካላረጋገጠች፣ የሠልጣኟ ስም ባይላክ ይሻላል።

ሜትረኗን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የቅርብ ኃላፊዋ ምን እንደተማረች ካላወቀች፣ ሠልጣኟ አዲሱን አሠራር ስትሞክር «እኛ እንዲህ ነበር የምንሠራው» የሚል መልስ ይጠብቃታል፤ ከሳምንት በኋላም ወደ ነባሩ ትመለሳለች። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት ሁለቱ ለአጭር ጊዜ ተቀምጠው ስትመለስ የሚለወጠውን አንድ ነገር፣ ደግሜ እላለሁ አንድ ነገር ብቻ፣ ይስማሙ። ስትመለስ ደግሞ ቦክስ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ረጅም ሪፖርት ከማስጻፍ ይልቅ፣ በጠዋቱ ርክክብ ላይ ለባልደረቦቿ በተግባር እንድታሳይ ቢደረግ እሷም አትረሳውም፤ ያልሠለጠኑትም ያገኙታል።

ሥልጠናው ለውጥ ማምጣቱ እንዴት እንደሚለካም በአጭሩ ልግለጽ። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ያስተዋወቀው የሥልጠና ምዘና የሠልጣኙን አስተያየት፣ ዕውቀቱን፣ በሥራ ላይ ያለውን አሠራርና የመጨረሻውን ውጤት በደረጃ ያያል፤ የእኛ ምዘና ግን ከሁለተኛው ደረጃ አያልፍም። ሦስተኛውን ለማየት የወሊድ መዝገቡ በቂ ነው፦ በወሩ ስንት ሕፃን ሳያለቅስ ተወለደ፣ ከእነዚህ ለስንቱ አየር ተሰጠ፣ በስንተኛው ደቂቃ? ሰዓቱ የማይመዘገብ ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ እሱን ማስመዝገብ ነው።

«ይደገም?» ለሚለው፣ ተረኛዋን በክፍሏ ውስጥ በማኔኪን ላይ ያሠሯት፤ ማስኩን በትክክል ገጥማ ደረቱ ከፍ ሲል ካሳየች ችሎታው አለ፤ ችግሩም ከላይ ከዘረዘርኳቸው አንዱ ነው። ካልቻለች ልምምድ ያስፈልጋታል፤ ያኔም ሥልጠናውን የሚደግፈውን አጋር ድርጅት የሚጠይቁት ሌላ ዙር የሆቴል ሥልጠና ሳይሆን ማኔኪኑ በሆስፒታሉ እንዲቀርና አሠልጣኙ በየወሩ እየመጣ እንዲያይ ይሁን፤ ይህ ከአዳራሽ ኪራይና ከአበል ያነሰ ወጪ ስላለው ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ።