ዐውደ ምሕረት ላይ «እገሌን ምረጡ» ቢባልስ? ጠይቁኝ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። ሰሞኑን አንዱ ልጅ «አሜሪካ ያለው የአጎቴ ደብር፣ ቄሱ ስለ ምርጫ ሰበኩ ተብሎ ሊዘጋ ነው» ብሎ ጽፎ ሰዉን ሁሉ አስደነገጠ። እኔ ሜሪላንድ የአበሻ አብያተ ክርስቲያናትን ሒሳብ ስሠራ ብዙ ዓመት ኖሬ ነው ደብረ ብርሃን የተመለስኩት። ጠበቃ አይደለሁም፣ ይቺን ሕግ ግን በደንብ አውቃታለሁ። ጋቢዬን ደርቤ ተቀምጫለሁ፣ ብርዱ እስኪያባርረኝ ጠይቁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ ምን የሚሉት ሕግ ነው? ቄስ ስለ አገር አይናገር ነው?

ኧረ አይደለም። ስለ ስደተኛ፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ድሃ እንደልቡ ይስበክ። የተከለከለው ለሥልጣን የሚወዳደርን ሰው መደገፍ ወይም መቃወም ነው። ክልከላውን በ1954 በአሜሪካ የግብር ሕግ ውስጥ ያስገባው ያኔ ሴናተር የነበረው ሊንደን ጆንሰን ነው፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው። ከግብር ነፃ የሆነ የእምነት ተቋምም ሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት ይመለከተዋል። ስም ሳንጠራ በሰምና ወርቅ እናልፋለን ብላችሁ ደግሞ እንዳትሞኙ። ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው «ያንን ባለ ቀይ ክራቫት አደራ» ካላችሁ፣ ወርቁን ለማግኘት ጎጃም ሄዶ ቅኔ መቁጠር አያስፈልግም።

ከመሐል ሜዳ፦ ቄሱስ ዜጋ አይደሉም እንዴ?

ናቸው። በራሳቸው ፌስቡክ፣ በራሳቸው ስም የፈለጉትን ይደግፉ። ጣጣው የደብሩ ማይክ፣ የደብሩ ገንዘብ፣ የደብሩ ወረቀት ሲነካ ነው። የአሜሪካ ገቢዎች መሥሪያ ቤት በ2007 ባወጣው ማብራሪያ ውስጥ የምወዳት ምሳሌ አለች። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት በተቋሙ መጽሔት፣ በራሱ ዓምድ ላይ «በግሌ እከሌ ቢመረጥ ደስ ይለኛል» ብሎ ጻፈ፤ ብልህ ነኝ ብሎ የዚያችን ዓምድ ማተሚያ ከኪሱ ከፈለ። አላዳነውም፣ መጽሔቱ የተቋሙ ነዋ!

ከሸዋ ሮቢት፦ በዚህ የተቀጣ አለ ወይስ ማስፈራሪያ ብቻ ነው?

አለ፣ ግን ብርቅ ነው። ኒው ዮርክ ግዛት፣ ቢንግሃምተን አካባቢ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን በ1992 ምርጫው አራት ቀን ሲቀረው በትልልቅ ጋዜጦች ላይ ቢል ክሊንተንን እንዳትመርጡ የሚል ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣች። ከግርጌው ምን ቢል ጥሩ ነው? ለዚህ ማስታወቂያ የምትሰጡት ገንዘብ ከግብር ይቀነስላችኋል! በ1995 ከግብር ነፃ የመሆን መብቷን ተነጠቀች፣ በ2000 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። በሩ አልተዘጋም። የሚጎዳው ሰጪው ነው። እኔ ጋ በየጃንዋሪው ምእመኑ «የስጦታ ደረሰኜን ስጠኝ» እያለ ይሰለፍ ነበር፣ ግብሩ ላይ ሊያስቀንስበት። ይህ መብት ሲነሳ ያ ደረሰኝ ዋጋ የለውም።

ከዓለም ከተማ፦ አሁን ተፈቅዷል ሲሉ ሰማሁ።

ሙሉ እውነት አይደለም። በጁላይ 2025 መሥሪያ ቤቱ ቴክሳስ ላይ በተከሰሰበት መዝገብ ከከሳሾቹ ጋር ተስማምቶ አንድ ሐሳብ ለፍርድ ቤት አቀረበ፦ የእምነት ተቋም በአምልኮ ጊዜ፣ ለራሱ ምእመን፣ ከእምነቱ አንጻር ስለ ዕጩ ቢናገር እንደ ጥሰት አይቆጠር የሚል። ይህ ሲሆን ግን የ1954ቱ የሕግ ቃል አልተሰረዘም፣ ለሌሎቹ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም አልተባለም። እኔ ሒሳብ ሠራተኛቸው ብሆን በዚህ ተማምኜ ማይኩን አልለቅም።

ከደነባ፦ ዕጩው ራሱ ለበዓል ቢመጣስ?

ይምጣ፣ ጠበል ጸዲቅም ይቅመስ። በዕጩነቱ ንግግር ካደረገ ግን ለተፎካካሪዎቹም እኩል ዕድል ስጡ፣ ገንዘብም አይሰብስብ። አዳራሽ ካከራያችሁት ለሌላው በምታከራዩበት ዋጋ ይሁን።

ከእነዋሪ፦ እኛ አገርስ? ዕድራችን ዕጩ ቢደግፍ?

የእኛው ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ደግሞ (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) የሃይማኖት ተቋማትን፣ ዕድርንና ዕቁብን አይመለከትም። የውጭ ድርጅቶችን ግን ሌላ ሕግ ካልፈቀደላቸው የመራጮች ትምህርት እንዳይሰጡ፣ ምርጫ እንዳይታዘቡ ይከለክላል። ዕድራችሁን በተመለከተ መተዳደሪያ ደንባችሁን አንብቡ። የቀብር ገንዘብ ለፖስተር ካወጣችሁ ግን ከመንግሥት በፊት የሚጠይቋችሁ እናቶች ናቸው።

ባለ አጎቱ፦ ጋሼ፣ እና አጎቴን ምን ልበለው?

ደብዳቤ መጥቷል ወይ በለው። እዚያ ቤተ ክርስቲያንን ለመመርመር መጀመሪያ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ በቂ ምክንያት እንዳለው በጽሑፍ ማስፈር አለበት፣ ከዚያ ለደብሩም በጽሑፍ ይነገረዋል።

ባለ አጎቱ፦ ደወልኩለት። ደብዳቤ የሚባል የለም። በሰበካ ጉባኤ ምርጫ የተሸነፈ ሰውዬ ነው አሉ በቴሌግራም የለቀቀው።

አይ አበሻ! በላቸው፣ የሰበካ ጉባኤ ምርጫን እንኳን ይሄ ሕግ አይነካውም፣ እዚያ እንደልባቸው ይቀስቅሱ።