የሜትሮ ፖሊስ ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው? ጥያቄና መልስ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሜትሮ (የባቡርና የአውቶቡስ ድርጅቱ) ትራንዚት ፖሊስ፣ ሳይከፍል የገባን ሰው ስምና አድራሻ የመጠየቅ ሥልጣን ካገኘ ወዲህ የወገኖቻችን ጥያቄ በዝቷል። የተጠየቁት ከነመልሳቸው እነሆ። መልሶቹ ሕጉን ለማስረዳት ናቸው፤ ጉዳይ ያለበት ሰው ጠበቃ ያነጋግር።

ጥያቄ፦ ጣቢያ ላይ የሚቆሙት እውነተኛ ፖሊሶች ናቸው ወይስ የድርጅቱ ጥበቃዎች?

እውነተኛ ፖሊሶች ናቸው፤ ሽጉጥ ይታጠቃሉ፣ ያስራሉም። ሥልጣናቸው የሚመነጨው ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሜትሮን ለማቋቋም ከገቡት ስምምነት ነው፤ «ኮምፓክት» የሚሉት እሱን ነው። የፖሊስ ኃይሉ ወደ ስምምነቱ የገባው በ1976፣ ባቡሩ ሥራ በጀመረበት ዓመት ነው። አንቀጽ 76 ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ኦፊሰሩ በቆመበት ከተማ ወይም ካውንቲ ያለው ፖሊስ የሚችለውን ሁሉ ይችላል፤ ያን ፖሊስ የሚያግደው ሕግ እሱንም ያግደዋል። ሁለተኛ፣ የሥራ ክልሉ የሜትሮ ንብረት ነው፦ ጣቢያ፣ ባቡር፣ አውቶቡስ፣ የአውቶቡስ ፌርማታም ጭምር። ፌርማታውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

የጣቢያው ማናጀርና የአውቶቡስ ሹፌር ግን ፖሊስ አይደሉም። ማስጠንቀቅና ፖሊስ መጥራት ይችላሉ፤ ይዞ ማቆየት ሥራቸው አይደለም።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተሳፍሬ ዲሲ ነው የምወርደው። የሚገዛኝ የየትኛው አገር ሕግ ነው?

ነገሩ የተፈጸመበት ቦታ ሕግ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፤ ቀጣዩ ጣቢያ ታኮማ ደግሞ ዲሲ ውስጥ ነው። በአንድ ፌርማታ ርቀት ያው ኦፊሰር፣ ያው የደንብ ልብስ፣ ሕጉ ግን ሌላ። ሳይከፍሉ መግባት በዲሲ የ50 ዶላር የደንብ ቅጣት ነው፣ ወንጀል አይደለም። በቨርጂኒያም ወንጀል አይደለም፤ ቅጣቱ ግን እስከ 100 ዶላር ይደርሳል። በሜሪላንድ ቅጣቱ እስከ 100 ዶላር ሆኖ ጉዳዩ የሚታየው በወንጀል ነው። ልዩነቱ ከገንዘቡ ይልቅ «ወንጀል» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ ምክንያቱን ስለ ዜግነት ማመልከቻ የተጠየቀው ላይ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ በ2024 የወጣው ሕግ በትክክል የለወጠው ምንድን ነው? ሁሉም ሰው የተለያየ ነገር ነው የሚያወራው።

ከ2018 መነሳት ይሻላል። የዲሲ ምክር ቤት በዚያ ዓመት ሳይከፍሉ መግባትን ከወንጀልነት አወጣው። ከንቲባዋ ውድቅ ቢያደርጉትም ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ሻራቸው። ደጋፊዎቹ በተለይ ያነሱት አንድ ጥናት ነበር፤ ከ2016 መጀመሪያ እስከ 2018 መጀመሪያ በዚህ ጥፋት ከተጻፉት የቅጣት ወረቀቶችና ማስጠንቀቂያዎች 91 በመቶው ለጥቁሮች የተሰጡ ነበሩ። በእኔ እምነት ከወንጀል ማውጣቱ ትክክል ነበር። አፈጻጸሙ ግን ጎደሎ ሆነ። ወረቀቱን ተቀብሎ፣ አቤቱታ ሰምቶ የሚወስን አሠራር ስላልተዘረጋ ለዓመታት ቅጣት የሚጻፍበት መንገድ ጠፋ፤ የተጀመረው በ2022 መጨረሻ ነው። በዚያ ዓመት ሜትሮ ባልተከፈለ ሂሳብ የሚያጣውን ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ገምቶት ነበር።

ቅጣቱ ሲጀመር ሁለተኛ ቀዳዳ ታየ። ኦፊሰሩ «ስምህ ማነው?» ሲል ሰውየው «አልናገርም» ብሎ ይሄዳል፤ ስም የሌለው ወረቀት ደግሞ ለማንም አይጻፍም። «ሴኪዩር ዲሲ» የሚባለው የመጋቢት 2024 ሕግ የደፈነው ይህን ነው። ሳይከፍል የገባ ሰው ሲጠየቅ እውነተኛ ስሙንና አድራሻውን መስጠት አለበት፤ እምቢ ካለ ሊያዝና እስከ 100 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። አለመክፈሉ ራሱ አሁንም የ50 ዶላር የደንብ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ሕጉ የማያደርገውን ልብ በሉ። ከፍሎ የገባን፣ ወንበር ላይ የተቀመጠን፣ ባቡር የሚጠብቅን ሰው ስም መጠየቂያ አይደለም። በዲሲ እግረኛን ሁሉ አስቁሞ ስሙን እንዲናገር የሚያስገድድ አጠቃላይ ሕግ የለም። ኦፊሰሩ መጀመሪያ አለመክፈልን ማየት ወይም ተጨባጭ ምክንያት መያዝ አለበት።

ጥያቄ፦ መታወቂያ ይዤ አልወጣም። ቢጠይቁኝስ?

ግዴታው ስምና አድራሻ መናገር ነው፤ ካርድ ማሳየት አይደለም። ካርድ ካለሽ ማሳየቱ ነገሩን ያሳጥረዋል። ከሌለሽ ግን የእኛ ሰው የሚቸገርበት አንድ ነገር አለ። ኦፊሰሩ የነገርሽውን ስም በሬዲዮ ወይም በኮምፒውተር ያጣራል። መታወቂያሽ ላይ የአባትሽ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ገብቶ፣ የአያት ስም መሀል ላይ ተቀምጦ ከሆነና አንቺ የራስሽንና የአባትሽን ብቻ በለመድሽው አጠራር ብትነግሪው፣ ኮምፒውተሩ «የለም» ይለዋል። «ፀሐይ» በአንዱ ወረቀት በ«ቲ»፣ በሌላው በ«ኤስ» ተጽፎ ከሆነም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ የሐሰት ስም የሰጠሽ ይመስለዋል፤ ይህ ደግሞ ካልተከፈለው ሁለትና ሦስት ዶላር በጣም የከፋ ነው። ስለዚህ መንጃ ፈቃድሽ ወይም መታወቂያሽ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ንገሪው፤ የትውልድ ቀንሽን ከጠየቀ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። አድራሻውን ከነአፓርታማ ቁጥሩ ስጪ፤ ማስታወቂያ በፖስታ ቢመጣ እንዳይጠፋብሽ።

የዘመድን ወይም የጓደኛን ስም መስጠት በፍጹም አይደረግም።

ጥያቄ፦ ቦርሳዬን መፈተሽ ይችላሉ?

ሦስቱን እንለያቸው። የመጀመሪያው በጣቢያ መግቢያ ላይ በዘፈቀደ የሚደረግ የቦርሳ ፍተሻ ነው፤ ሜትሮ የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ነው። «አልፈልግም» ማለት ይቻላል፤ ቦርሳውን ይዞ መግባት ግን አይቻልም፣ ተመልሶ መሄድ ነው። ሁለተኛው በጥርጣሬ ማስቆም ነው። ከ1968 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጀምሮ ፖሊስ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ሲኖረው ለአጭር ጊዜ ማስቆም፣ መሣሪያ ይዟል ብሎ ከጠረጠረም ከልብስ ላይ በእጁ መዳበስ ይችላል። ቦርሳ ከፍቶ መበርበር ከዚህ ያልፋል። ሦስተኛው በፈቃድ የሚደረግ ነው፤ «ቦርሳህን ልይ?» ብሎ ከጠየቀህና «እሺ» ካልክ ፈቅደሃል፣ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም። በትሕትና ራስ መነቅነቅም እንደ «እሺ» ሊቆጠር ይችላል። ካልፈለግክ በግልጽ «አይ ዱ ናት ኮንሰንት» በል፤ እጅህን ግን አትወራጭ። መሄድ መቻልህን ለማወቅ «አም አይ ፍሪ ቱ ጎ?» ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ ብቻውን ትምህርት ቤት ይሄዳል። ምን ልንገረው?

የዲሲ ተማሪ ከሆነ የነፃ መጓጓዣ ካርድ አለው፤ ነፃ ቢሆንም በሩ ላይ ማስነካት አለበት። «ነፃ ነኝ» ብሎ ከሰው ጀርባ ተከትሎ የሚያልፍ ልጅ ለኦፊሰሩ ዓይን እንዳልከፈለ ነው። ካርዱ ሲጠፋ በዚያው ሳምንት አስተኩለት። ፖሊስ ካስቆመውም አይሩጥ፤ ስሙንና የአንቺን ስልክ ይናገር።

ለምን እንደምጠነቀቅ የ2000ውን ነገር ብነግርሽ ይገባሻል። ቴንሊታውን ጣቢያ ውስጥ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ አንድ ፍሬ የድንች ጥብስ በላች። በሜትሮ መብላት ክልክል ነበር፣ የዚያን ሰሞንም «ምሕረት የለም» ተብሎ ነበር። በካቴና አሰሯት፣ የጫማዋን ክር አወጡ፣ መስኮት በሌለው መኪና ወሰዷት፣ አሻራዋን ወሰዱ፤ ከሰዓታት በኋላ እናቷ ተረከበቻት። ያንኑ ያደረገ አዋቂ የቅጣት ወረቀት ተቀብሎ ይሄድ ነበር። ለልጅ ግን ወረቀት መጻፍ በሕጉ አልነበረም፤ ያለው መንገድ ማሰር ብቻ ነው። በ2004 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ድርጊቱን ማንም እንዳልወደደው ገልጾ፣ ሕገ መንግሥት አልተጣሰም ሲል ወሰነ። ውሳኔውን የጻፉት በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆን ሮበርትስ ናቸው። ሜትሮ ራሱ ፖሊሲውን ቀደም ብሎ ቀይሮት ነበር።

ስለ ፖሊስ ሥልጣን ማስፋት በተነሳ ቁጥር እኔ የምፈልገው ይህን ነው፦ ከ«ሂድ» እና ከ«ካቴና» መካከል ስንት ደረጃ አለ? መካከለኛው ደረጃ በሕግ ካልተጻፈ፣ ቅን ኦፊሰር እንኳ የሚመርጠው ነገር የለውም።

ጥያቄ፦ ጣቢያውን ለቅቄ ከወጣሁ በኋላ ሊከተለኝ ይችላል?

ይችላል። ጥፋቱ በሜትሮ ላይ ከተፈጸመና ኦፊሰሩ እግር በእግር እየተከታተለ ከሆነ ሜትሮ በሚያገለግላቸው ከተሞችና ካውንቲዎች ውስጥ መያዝ ይችላል። ከሜትሮ ጋር ግንኙነት የሌለው የመንገድ ላይ ነገር ግን የከተማው ወይም የካውንቲው ፖሊስ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ አለኝ፣ በሚቀጥለው ዓመት ዜግነት አመለክታለሁ። አንድ ትኬት ያበላሽብኛል?

የአንድ ቀን የዲሲ የደንብ ቅጣት ብቻውን በር ይዘጋል ብዬ አላስፈራራህም። አደጋው መደበቅ ላይ ነው። የዜግነት ቅጹ ታስረህ ወይም የቅጣት ወረቀት ተጽፎብህ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ትንሽ ነው ብሎ «የለም» ማለት ትንሹን ነገር ወደ ውሸት ይለውጠዋል። ወረቀቱን በሁለቱም ገጽ ፎቶ አንሣ፣ የከፈልክበትን ደረሰኝ ወይም የተሰረዘበትን ውሳኔ አስቀምጥ። የተጻፈብህ ሜሪላንድ ከሆነ ግን ነገሩ ወንጀል ነክ ስለሆነ፣ ከፍለህ ከመገላገልህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያየው። መክፈል ጥፋትን እንደማመን ሊቆጠር ይችላል።

ጥያቄ፦ ለምን ሥልጣናቸውን በአንድ ጊዜ አያሰፉትም? ባቡሩ ላይ በሚደረገው ነገር እኮ ሰው ተማርሯል።

ምሬቱ እውነት ነው፤ ማታ ከሥራ የሚመለስ ሰው ደኅንነት ይፈልጋል። ኮምፓክቱን መለወጥ ግን የዲሲ ምክር ቤት፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ምክር ቤቶች አንድ ዓይነት ሕግ አውጥተው ኮንግረስም መፍቀዱን ይጠይቃል። ለዚህ ነው ለውጥ ሁሉ በጓሮ በር የሚመጣው፤ እያንዳንዱ የየራሱን የወንጀል ሕግ ይነካል፣ የኦፊሰሩ ሥልጣንም አብሮ ይለወጣል። የ2024ቱ እንደዚህ ነው የመጣው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ወገን፣ ተጠያቂነቱ ነው። የኮምፓክቱ አንቀጽ 80 ድርጅቱን የመንግሥት ተግባር በሚባሉት ሥራዎች ከክስ ይከላከለዋል፤ የፖሊስ ሥራ ከእነዚህ አንዱ መሆኑን የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1986 ወስኗል። ስለዚህ የተጎዳ ሰው በአብዛኛው የሚከሰው ኦፊሰሩን በግሉ ነው። የከተማ ፖሊስ ሲያጠፋ ከተማው ራሱ የሚከሰስበት መንገድ አለ፤ እዚህ ግን ያ መንገድ ጠባብ ነው። ሥልጣኑን ለማስፋት ድምፅ የሚሰጥ የምክር ቤት አባል ሁሉ ይህን አንቀጽም እንዲከፍት ልንጠይቀው ይገባል፤ በምርጫ ሰሞን ቤታችን ሲመጡ የሚነሳ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነው የምኖረው። እኛ ጋ ፖሊስ አውቶቡስ ላይ ገብቶ ሁሉንም «ትኬት አሳይ» ማለት ይችላል?

የእናንተ ስቴት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ይህንኑ አይቷል። ስዊፍት በሚባለው የአውቶቡስ መስመር ላይ የታጠቁ ሸሪፎች ተሳፋሪውን ሁሉ መክፈሉን እንዲያሳይ ሲጠይቁ፣ አንዱ ያልከፈለ ሰው የሐሰት ስም ሰጥቶ ተፈረደበት። ፍርድ ቤቱ አሠራሩ ያለ ሕጋዊ ሥልጣን ሰውን ማስቆም ነው ብሎ ፍርዱን ሻረው። መክፈልን ማጣራት የተከለከለ አይደለም፤ ማን እንደሚያጣራና እንዴት እንደሚያጣራ ነው የተወሰነው። ሚኔሶታ በ2023 ሌላ መንገድ መርጣለች፦ መሣሪያ የሌላቸው የትራንዚት ሠራተኞች ወረቀት እንዲጽፉ ፈቅዳ፣ እስከ 180 ዶላር የሚያስቀጣውን ወንጀል ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛ ወደ 35 ዶላር የአስተዳደር ቅጣት አወረደችው። ለእኔ ይህ ይሻላል፤ የሁለት ዶላር ጉዳይ ሽጉጥ በታጠቀ ሰው ባይጀመር ነው የምመርጠው።

ጥያቄ፦ በደል ቢደርስብኝ የት ልበል?

እዚያው አትከራከር፤ ክርክሩ በወረቀት ይሻላል። በዚያው ምሽት ጻፍ፦ ጣቢያው፣ ሰዓቱ፣ የባቡሩ አቅጣጫ፣ የፉርጎው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር (ፉርጎው ላይ ተጽፏል)፣ የኦፊሰሩ ስምና የባጅ ቁጥር፣ የምስክር ስልክ። ርቀትህን ጠብቀህ ሥራውን ሳታደናቅፍ በስልክህ መቅረጽ ትችላለህ። ኦፊሰሮቹ ከ2023 ጀምሮ የደረት ካሜራ ማድረግ ጀምረዋል፤ ቀረጻ ለዘላለም ስለማይቀመጥ በአቤቱታህ ላይ «የካሜራው ቀረጻ እንዲጠበቅልኝ» ብለህ ጨምር። አቤቱታው ለትራንዚት ፖሊስ የውስጥ ጉዳይ ክፍል ይቀርባል፤ የምታስገባውን ቅጂ አስቀር። ቅጣቱን የምትቃወምበት ቦታና ቀነ ገደብ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ላይ አለ፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ አንዱን ማስገባት ሌላውን አይተካም። አስቸኳይ እርዳታ ስትፈልግ የትራንዚት ፖሊስ ስልክ 202-962-2121 ነው፤ በጽሑፍ መልእክት ከሆነ 696873።