መልስ፦ የቆዳ ካንሰር ሞትን ወደፊት ስለ መተንበይ

ሰላም ወዳጄ። ከሜላኖማ (ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡ ሴሎች ከሚነሳው ካንሰር) ውጪ ባለው የቆዳ ካንሰር ያለፉትን ዓመታት የሞት መጠን ግራፍ ላይ አስቀምጠህ፣ መስመሩን እስከ 2040 እ.ኤ.አ. መሳብ ያስኬድ እንደሆነ ጠይቀሃል። ለሦስት አራት ዓመት ያስኬድ ይሆናል። ከዚያ በላይ ግን ጉድ ይሠራሃል።

ዋናው ነገር ዕድሜ ነው። በዚህ ካንሰር የሚሞቱት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው። አረጋውያን ሲበዙ የእያንዳንዱ ሰው አደጋ ባይጨምርም የሟቾች ቁጥር ይጨምራል። እንዲያውም በዕድሜ የተስተካከለው መጠን (የሕዝቡ የዕድሜ ስብጥር ባይለወጥ ኖሮ የሚኖረው የሞት መጠን) እየወረደ ጠቅላላው ቁጥር ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ተንብይ። መረጃህን በአምስት አምስት ዓመት የዕድሜ ክልል ከፋፍለውና ዕድሜን፣ የሞቱበትን ዘመንና የተወለዱበትን ዘመን አንድ ላይ የሚያይ ሞዴል ተጠቀም። የተወለዱበትን ዘመን እንዳትዘለው አደራ። የፀሐይ ጉዳት ከልጅነት ጀምሮ ይጠራቀምና ውጤቱ የሚታየው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመረጃው ጥራት ነው። ብዙ የካንሰር መዝገቦች ይህን ካንሰር በተሟላ ሁኔታ አይመዘግቡትም። የሞት ምስክር ወረቀት ላይም ስህተት አይጠፋም፤ ከአፍ ወይም ከጉሮሮ የተነሳ ካንሰር «የቆዳ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ሞቱ የተባሉት 69,000 ገደማ ሰዎች ራሳቸው ግምት ናቸው።

ሞዴሉን ከማመንህ በፊት የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት ደብቅበትና እነሱን በትክክል ይገምት እንደሆነ እይ። ውጤቱንም በአንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ ብለህ አስቀምጥ።