የፊውል ሴል ኩባንያዎችን አክሲዮን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ (በመልሱ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ከተማ ሽምብጥ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ መደብር አለኝ። ካናዳ፣ ቫንኩቨር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ከሃይድሮጅን ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ፊውል ሴል የሚሠሩ ኩባንያዎች አክሲዮናቸው አሁን በርካሽ እንደሚገኝ፣ ዓለም ከነዳጅ ሲላቀቅ ግን ዋጋው እንደሚመነደግ ደጋግሞ ይነግረኛል። ያቀረበልኝ ሐሳብ እኔ እዚህ ለእናታችን ቤት ማደሻ 400,000 ብር እንዳወጣ፣ እሱ በምትኩ በዶላር አክሲዮኑን እንዲገዛልኝ ነው። ብሩ ባንክ ተቀምጦ ከሚረክስ ይሻላል ብዬ ልቤ ከጅሏል፤ ባለቤቴ ግን በማናውቀው ነገር አትግባ ትለኛለች። ለመሆኑ ቴክኖሎጂው እውነተኛ ነው? ገንዘቤን ባውልበትስ ምን ይገጥመኛል?
ሀ. መ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ቴክኖሎጂው እውነተኛ ነው፤ አዲስም አይደለም። የዌልስ ተወላጁ ዊልያም ግሮቭ ሃይድሮጅንና ኦክስጅንን በማገናኘት ኤሌክትሪክ ማግኘት እንደሚቻል ያሳየው በ1839 ሲሆን፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ጀሚኒና አፖሎ የተባሉት የአሜሪካ መንኮራኩሮች በጠፈር ላይ የተጠቀሙት በፊውል ሴል ኃይል ነበር። በተሽከርካሪዎች ላይ በሚገጠመው ዓይነት ሃይድሮጅኑ በአንድ ወገን ገብቶ በስስ ገለፈት ላይ የተቀባውን ፕላቲነም ሲነካ ኤሌክትሮኑ ይለያል፤ የተለየው ኤሌክትሮን በሽቦ ዞሮ ሞተሩን ካንቀሳቀሰ በኋላ በሌላው ወገን ገለፈቱን አልፎ ከመጣው ቀሪው የሃይድሮጅን ክፍልና ከአየር ከሚገባው ኦክስጅን ጋር ይገናኝና ውኃ ሆኖ ይወጣል። አንዱ ሴል በሥራ ላይ የሚሰጠው 0.7 ቮልት ያህል ብቻ በመሆኑ አንድ አውቶቡስ ለማንቀሳቀስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴሎችን መደራረብ ያስፈልጋል።

ችግሩ ያለው ሃይድሮጅኑ ላይ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ከውኃ ለመለየት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ ያንኑ ኪሎ በፊውል ሴል መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ ሲሞከር ግን የሚገኘው 17 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ሦስት እጅ ከፍሎ አንድ እጅ እንደመቀበል ስለሆነ ባትሪ ሊሠራው በሚችለው ሥራ ሁሉ ባትሪው ይረታል። አገራችን በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በቀጥታ ከመስመር የሚሞሉ የባትሪ መኪኖች እንጂ የሃይድሮጅን አለመሆናቸውን በመለዋወጫ ንግድዎ ሳያስተውሉት አልቀሩም። ለሃይድሮጅን ፊውል ሴል የቀረለት ገበያ ከባድ መኪና፣ ረጅም መስመር የሚሠራ አውቶቡስ፣ ቀንና ሌሊት በማይቆሙ መጋዘኖች ውስጥ የሚሠራ ፎርክሊፍትና የመጠባበቂያ ኃይል ነው። ትንሽ ገበያ አይደለም፤ ወንድምዎ እንደሚሉት ዓለምን ሁሉ የሚጠቀልል ግን አይመስለንም።

ይሁንና የአክሲዮን ገዢዎችን ገንዘብ ከሁሉ በላይ የበላው የሃይድሮጅን ውድነት ሳይሆን የአክሲዮን መብዛት ነው፤ ወንድምዎም ይህን አልነገሩዎትም ብለን እንገምታለን። ዐሥር ሰዎች እኩል አዋጥተው በጣና ላይ ጎብኚዎችን ወደ ገዳማቱ የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ ገዙ እንበል። ጀልባው ከሚያስገባው ይልቅ የሚፈጀው ስለሚበልጥ በየዓመቱ አዲስ ባለድርሻ እየጨመሩ በእሱ ገንዘብ ነዳጅ ይገዛሉ፤ ባለድርሻዎቹ ዘጠና ሲደርሱ ጀልባው ያው አንድ ጀልባ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የእያንዳንዳቸው ድርሻ ግን ከአንድ ዐሥረኛ ወደ አንድ ዘጠናኛ ወርዷል። ፕላግ ፓወር በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የታየው ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2013 መጨረሻ 100 ሚሊዮን ገደማ የነበሩት አክሲዮኖቹ በ2024 መጨረሻ 900 ሚሊዮን ገደማ ደርሰዋል። በእርግጥ ኩባንያው በተገኘው ገንዘብ ፋብሪካዎችን ሠርቷል፤ አማዞንና ዎልማርትን የመሳሰሉ ትልልቅ ደንበኞችም አሉት። ቢሆንም በጥር 2021 ከ70 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው አክሲዮን በግንቦት 2025 ከአንድ ዶላር በታች ወርዶ ነበር።

ፊውልሴል ኢነርጂ የተባለው ሌላው ኩባንያ ደግሞ የአክሲዮኑ ዋጋ እጅግ ሲወርድበት በ2015 ዐሥራ ሁለቱን፣ በ2019 እንደገና ዐሥራ ሁለቱን፣ በ2024 ሠላሳውን አክሲዮን ወደ አንድ አዋሕዷል። ከ2015ቱ ውሕደት በፊት 4,320 አክሲዮን የነበረው ሰው ዛሬ በእጁ ያለው አንድ ነው ማለት ነው። የዋጋ ሰንጠረዡን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አያስተውልም፤ ሰንጠረዡ የድሮውን ዋጋ በአዲሱ ቁጥር አስተካክሎ ስለሚያቀርብ የሚታየው ድሮ ሰማይ ደርሶ የነበረ ዋጋ ብቻ ነው፤ ጀማሪው ገዢም «ነገ ወደዚያ ይመለሳል» ብሎ ይመኛል።

ወንድምዎ ከሚኖሩበት ከቫንኩቨር አጠገብ፣ በርናቢ ከተማ ላይ ያለው ባላርድ በምህንድስናው የተከበረ ነው፤ የአውቶቡስ ሞተሮቹም በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ጎዳናዎች ላይ ይሠራሉ። ዳይምለርና ፎርድ ገንዘባቸውን አፍስሰውበት በ2000 አክሲዮኑ ከ100 ዶላር አልፎ ነበር፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ የሚሸጠው በጥቂት ዶላር ነው። ኒኮላ የተባለውን የአሜሪካ የጭነት መኪና ኩባንያ የምናነሣው ለጥንቃቄ ያህል ብቻ ነው፤ በቪዲዮ ሲጓዝ የታየው የጭነት መኪናው ቁልቁለት ላይ ተለቅቆ የተንከባለለ ሆኖ ተገኘ፣ መሥራቹ በ2022 በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለ (ኋላ በፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ቢደረግለትም)፣ ኩባንያውም በየካቲት 2025 ለኪሳራ ጥበቃ ፍርድ ቤት ቀረበ።

ያተረፈ የለም ማለታችን ግን አይደለም። ብሉም ኢነርጂ በ2018 አንዱን አክሲዮን በ15 ዶላር ለገበያ አቅርቦ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት የመረጃ ማዕከላት ከኤሌክትሪክ መስመር ወረፋ ለመዳን ምርቱን መግዛት ሲጀምሩ በ2025 ከ100 ዶላር አልፏል። የዚህ ኩባንያ ፊውል ሴሎች ግን በአብዛኛው የሚሠሩት በተፈጥሮ ጋዝ ነው። የሃይድሮጅንን ዘመን ሲጠባበቅ የኖረ ሰው ባልጠበቀው በር ገባ ማለት ይቻላል።

ገንዘቡን ስለማስተላለፉ ጉዳይ በግልጽ እንናገራለን። እርስዎ እዚህ ብር ሰጥተው ወንድምዎ እዚያ በዶላር የሚያካክሱት አሠራር ከባንክ ውጭ የሚደረግ የውጭ ምንዛሪ ልውውጥ በመሆኑ በሕግ ያስጠይቃል። በ2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ቢሆን በአገር ውስጥ የሚኖር ሰው ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ካፒታል ወደ ውጭ እንደልቡ ማውጣት አይችልም። በዚያ ላይ አክሲዮኑ የሚመዘገበው በወንድምዎ ስም ነው፤ ነገ ፍቺ፣ ዕዳ ወይም ሞት ቢመጣ የእርስዎ ነው የሚል ወረቀት የለም። ለእናትዎ ቤት የሚያወጡትን ገንዘብ ለቤቱ ብለው ያውጡት፤ ወንድምዎም ካመኑበት በራሳቸው ገንዘብ፣ ቢጠፋ በማይጎዳቸው መጠን ይግዙ። ከመግዛታቸው በፊትም የኩባንያውን ዓመታዊ ሪፖርት ከፍተው በዓመቱ ሥራው የፈጀውን ጥሬ ገንዘብ በእጁ ከቀረው ጋር ያስተያዩ፤ የአክሲዮኑ ቁጥር በሦስት ዓመት ምን ያህል እንደጨመረ ይመልከቱ፤ ኩባንያው በሥራ ላይ መቀጠሉ እንደሚያጠራጥር የሚገልጽ ማሳሰቢያ መኖር አለመኖሩንም ያጣሩ። ፕላግ ፓወር በኅዳር 2023 ይህን ማሳሰቢያ ባወጣ ጊዜ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን 40 በመቶ ገደማ ወድቋል። ብሩ እንዳይረክስብዎ መሸሸጊያ መፈለግዎ ተገቢ ነው፤ ይህኛው ግን መሸሸጊያ አይሆንም፤ በዚህ ረገድ ከባለቤትዎ ጋር እንስማማለን።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም «የሃይድሮጅን አክሲዮን» የሚሸጥ ቡድን ውስጥ 5,000 ብር ከፍያለሁ። በየሳምንቱ 8 በመቶ ትርፍ ይታሰባል ብለውኛል፤ ሰው ካስገባሁም ይጨምርልኛል። ልቀጥል?
አንባቢያችሁ፣ ከዘጌ

መልስ፦ አይቀጥሉ። በየሳምንቱ 8 በመቶ ከነወለዱ ቢታሰብ 5,000 ብርዎ በዓመቱ ከ270,000 ብር በላይ ይሆን ነበር፤ ከላይ የጠቀስናቸው ኩባንያዎች እንኳን ይህን ሊከፍሉ ለተራ ባለአክሲዮኖቻቸው የትርፍ ድርሻ የሚባል ነገር አይሰጡም። በአገራችን የአክሲዮን ደላላ ሆኖ ለመሥራት ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ማውጣት ግድ ስለሆነ የፈቃድ ቁጥራቸውን ይጠይቁና ከባለሥልጣኑ ያረጋግጡ። ገንዘብዎን በሙሉ ዛሬውኑ መልሱልኝ ይበሏቸው፤ «ለማውጣት መጀመሪያ ይህን ያህል ይክፈሉ» ካሉዎት አንድ ብር እንዳይጨምሩ፣ ዘመድ ወዳጅም እንዳያስገቡ፤ የከፈሉበትን የባንክ ደረሰኝና የመልእክት ልውውጡን ሳያጠፉ ይዘው ለፖሊስ ያመልክቱ።